ቤተ ክርስቲያናችሁ ጎዳና ለሚያድሩ ሰዎች ስትለግስ፦ የአሜሪካ የታክስ ሕግ የአሠራር መመሪያ

በአሜሪካ ከተሞች ያሉ ብዙ አጥቢያዎቻችን ምግብ አብስለው፣ ብርድ ልብስና ጃኬት ሰብስበው ጎዳና ላይ ለሚያድሩ ሰዎች ያድላሉ። ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምሩት ጥቂት እናቶችና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ናቸው። ገንዘቡ ለአንዷ እህት በዜል ይላክላታል፤ እሷም ገዝታ ታበስላለች፣ የተረፈውንም ለሚቀጥለው ሳምንት ትይዛለች። መዋጮው ሲበረክት ግን ነገሩ ይከብዳል። በእሷ ስም የገባ ገንዘብ ከግል ገንዘቧ አይለይም። የሰጡት ሰዎች ከታክሳቸው ሊቀንሱት አይችሉም፤ እሷም «ይህ ሁሉ ከየት መጣ?» ብትባል የምታሳየው ወረቀት የላትም።

ይህ መመሪያ ለሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ለገንዘብ ያዦችና ለበጎ አድራጎት ክፍል ኃላፊዎች የተዘጋጀ ነው። የአሜሪካ የታክስ ሕግ በዚህ ጉዳይ መስጊድንም እንደ ቤተ ክርስቲያን ስለሚያይ ለጀማዓ ኃላፊዎችም ያገለግላል። የእኔ አቋም ከወዲሁ ይታወቅ፦ ሕጉ ለሃይማኖት ተቋማት በጣም ለጋስ ነው። ችሮታውን የምናጣው አብዛኛውን ጊዜ ወረቀት ስለማንይዝ ነው።

እርምጃ 1፦ ሥራው በማን ስም እንደሚሠራ ወስኑ

ሌላው ሁሉ ከዚህ ውሳኔ ስለሚከተል ረጋ ብላችሁ ተወያዩበት። ሁለት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው ሥራውን በቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ እንደ አንድ ክፍል መያዝ ነው። በፌዴራል ሕግ መስፈርቱን የምታሟላ ቤተ ክርስቲያን ማመልከቻ ሳታስገባ በአንቀጽ 501(ሲ)(3) መሠረት ከገቢ ታክስ ነጻ ናት። ፎርም 990 የሚባለውን ዓመታዊ ሪፖርትም እንድታቀርብ አትገደድም። የነዳያን ምገባው የቤተ ክርስቲያኗ ሥራ እስከሆነ ድረስ በዚሁ ጥላ ሥር ይጠለላል።

ሁለተኛው ራሱን የቻለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ማቋቋም ነው። ይህ ድርጅት ቤተ ክርስቲያን ስላልሆነ ነጻነቱን ማመልከት አለበት። ሙሉው ማመልከቻ ፎርም 1023 ሲሆን ክፍያው 600 ዶላር ነው። ዓመታዊ ገቢው ከ50,000 ዶላር፣ ንብረቱም ከ250,000 ዶላር የማይበልጥ አነስተኛ ድርጅት አጭሩን 1023-ኢዜድ በ275 ዶላር ሊጠቀም ይችላል። ከተመሠረተ በ27 ወር ውስጥ ካመለከተ ነጻነቱ ወደ ምሥረታው ቀን ተመልሶ ይታሰብለታል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ሪፖርት አለ። ገቢው በተለምዶ ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ 990-ኤን የሚባለውን በኢንተርኔት የሚሞላ አጭር ፎርም ይልካል፤ ከዚያ በላይ ያለው እንደ መጠኑ 990-ኢዜድ ወይም ሙሉውን 990 ያቀርባል። ሦስት ዓመት በተከታታይ ያላቀረበ ድርጅት ነጻነቱ በሕጉ መሠረት በራሱ ይሰረዛል። ሊቀ መንበሩ ሲቀየር፣ አዲሱ ስለ 990-ኤን ሳይሰማ ጊዜው የሚያልፍበት አጋጣሚ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ቀነ ገደቡን በርክክብ ሰነዱ ላይ ጻፉት።

እኔ ለአብዛኛው አጥቢያ የምመክረው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛው የሚያስፈልገው ብዙ አብያተ ክርስቲያናት በጋራ ሲሠሩ፣ ከመንግሥት ወይም ከፋውንዴሽን ከፍ ያለ ድጎማ ሲፈለግ፣ ወይም መጠለያ ቤት ሲከፈትና ተጠያቂነቱን ከደብሩ ሕንፃ መለየት ሲያስፈልግ ነው። ሃያ ሰው በፈቃደኝነት በወር ሁለት ጊዜ ምግብ ለሚያድልበት ሥራ ሌላ ቦርድና ሌላ ሪፖርት መጨመር ጉልበት መጨረስ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሳታመለክት በሕግ ብቻ ነጻ የሆነች ቤተ ክርስቲያን በአይአርኤስ (በፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት) የበጎ አድራጎት ድርጅቶች መፈለጊያ ላይ ስሟ አይወጣም። የፉድ ባንክ (ለችግረኞች ምግብ የሚያከፋፍል ድርጅት) አባል ለመሆን ወይም ከኩባንያ ዕርዳታ ለመቀበል ስትጠይቁ «የ501(ሲ)(3) ደብዳቤያችሁን አሳዩን» ትባላላችሁ። በዚህ ምክንያት ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ባይገደዱም በፈቃዳቸው ያመለክታሉ። እንዲህ ካሰባችሁ ሙሉውን 1023 ሙሉ፤ አጭሩ ፎርም ለአብያተ ክርስቲያናት አልተፈቀደም።

እርምጃ 2፦ ገንዘቡን ከግለሰብ እጅ አውጡ

ቤተ ክርስቲያኗ የራሷ የአሠሪ መለያ ቁጥር፣ ማለትም ኢአይኤን ሊኖራት ይገባል። ከሌላት በፎርም ኤስኤስ-4 ወይም በአይአርኤስ ድረ ገጽ በነጻ ይወሰዳል። በዚያ ቁጥር «የነዳያን ምገባ» የሚባል የተለየ የባንክ ሒሳብ ክፈቱ፤ ሁለት ፈራሚ ይኑረው፤ ዜሉም ከዚሁ ሒሳብ ጋር ይያያዝ።

ሰበካ ጉባኤው ክፍሉን ያቋቋመበትን ውሳኔ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ረጅም መሆን የለበትም፦ ዓላማው ምን እንደሆነ፣ ኃላፊው ማን እንደሆነ፣ እስከ ስንት ዶላር በክፍሉ ውሳኔ ወጪ እንደሚሆን፣ ሪፖርቱ ለማን እንደሚቀርብ። የሙዳየ ምጽዋቱን ገንዘብ ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሰዎች አብረው ቆጥረው ይፈርሙ። ለምገባ ተብሎ የተሰጠ ገንዘብ ለሕንፃ ዕዳ አይከፈልበት። ሰጪው የነገራችሁ ዓላማ አደራ ነው፤ በሕግም ያስጠይቃል።

እርምጃ 3፦ ደረሰኙን በሕጉ ቃል ጻፉ

እዚህ ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ምእመኑ የሚጎዳው እዚህ ነው።

ካሽ መጠኑ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ የባንክ ማስረጃ ወይም የቤተ ክርስቲያኗ ጽሑፍ ከሌለው ከታክስ አይቀነስም። በአንድ ጊዜ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ የተሰረዘ ቼክ ብቻ አይበቃም፤ ከቤተ ክርስቲያኗ የተጻፈ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ደብዳቤው የቤተ ክርስቲያኗን ስም፣ የገንዘቡን መጠንና ቀኑን ይይዛል። በተጨማሪ ሰጪው በምላሹ የተቀበለው ዕቃ ወይም አገልግሎት መኖር አለመኖሩን መናገር አለበት። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህችን የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ነው።

በ2012 የአሜሪካ የታክስ ፍርድ ቤት አንድ ጉዳይ ወሰነ። ባልና ሚስት ለቤተ ክርስቲያናቸው ከ22,000 ዶላር በላይ ሰጥተዋል፤ መስጠታቸውን የሚያሳይ ቼክም ደብዳቤም ነበራቸው። ደብዳቤው ግን «በምላሹ ዕቃም ሆነ አገልግሎት አልተሰጠም» አይልም። ቤተ ክርስቲያኒቱ ኋላ የተስተካከለ ደብዳቤ ጻፈችላቸው፤ ፍርድ ቤቱ ጊዜው አልፏል ብሎ አልተቀበለውም፤ ተቀናሹም ውድቅ ሆነ። ሕጉ ደብዳቤው ሰጪው ታክሱን ከሚያስገባበት ቀን ወይም ከማስገቢያው የመጨረሻ ቀን፣ ከሁለቱ ከሚቀድመው በፊት እጁ እንዲገባ ይላል። አንዲት ዐረፍተ ነገር ያን ሁሉ ገንዘብ አስቀረች።

ስለዚህ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፤ የሚሰጠው ቅጂ በእንግሊዝኛ ይሁን፦

«ወ/ሮ እገሊት ማርች 8 ቀን 2026 ለነዳያን ምገባ 300 ዶላር በቼክ ለቤተ ክርስቲያናችን ሰጥተዋል። ከመንፈሳዊ በረከት በቀር በምላሹ ዕቃም ሆነ አገልግሎት አልተሰጣቸውም።» ከዚያ የቤተ ክርስቲያኗ ሙሉ ስም፣ አድራሻ፣ ኢአይኤን፣ የገንዘብ ያዡ ፊርማና ቀን።

«ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» የሚለውን ቃል ይዘው ስማቸውን የማይናገሩ ምእመናን አሉ። ፈቃዳቸው ይከበር። ግን ደረሰኙ በአውደ ምሕረት የማይነበብ፣ በእነሱና በገንዘብ ያዡ መካከል የሚቀር መሆኑን አንድ ጊዜ አስረዷቸው። ፈልገው ሳይሆን ሳያውቁ የሚቀሩም አሉና።

«ለእኔ ምን ይጠቅመኛል? ስታንዳርድ ዲዳክሽን (ወጪ ሳይዘረዘር የሚወሰድ ቋሚ ተቀናሽ) ነው የምወስደው» የሚሉም አሉ፤ እስከ 2025 ድረስ እውነታቸውን ነበር። ለዚያ ዓመት ስታንዳርድ ዲዳክሽኑ ለነጠላ 15,750 ዶላር፣ ለባልና ሚስት 31,500 ዶላር ስለሆነ ወጪውን ዘርዝሮ የሚያስገባው ቤተሰብ ጥቂት ነው። ከ2026 ጀምሮ ግን በጁላይ 2025 የጸደቀው ሕግ ወጪያቸውን ለማይዘረዝሩ ሰዎችም በር ከፍቷል። ነጠላ እስከ 1,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት በጋራ እስከ 2,000 ዶላር በገንዘብ የሰጡትን ሊቀንሱ ይችላሉ። ዕቃና ልብስ በዚህ አይካተትም። ወጪያቸውን ለሚዘረዝሩት ደግሞ በተቃራኒው ከገቢያቸው ግማሽ በመቶ (0.5%) የሚሆነው የመጀመሪያ ስጦታ አይታሰብላቸውም፤ ገቢው 100,000 ዶላር ለሆነ ሰው የመጀመሪያው 500 ዶላር ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ታክሲ የሚነዳውም፣ ሆቴል የምታጸዳውም እህት ደረሰኝ ያስፈልጋቸዋል። ደረሰኝ ለሀብታም ምእመን ብቻ የሚጻፍበት ልማድ ካለ ይቅር።

ጉልበትና ጊዜ ከታክስ አይቀነስም። ምግቡን ለማድረስ በራሱ መኪና የሚሄድ ግን በማይል 14 ሳንቲም ወይም የነዳጁን ወጪ፣ ከኪሱ የገዛውንም ሽንኩርትና ዘይት ደረሰኙን ይዞ ሊቀንስ ይችላል፤ ይህ ወጪውን ለሚዘረዝር ሰው ነው።

እርምጃ 4፦ ምግብና ልብስ ስትቀበሉ

ለልብስና ለዕቃ የምትሰጡት ደረሰኝ ዕቃውን ይግለጽ እንጂ ዋጋ አይጻፍበት። «አሥር ብርድ ልብስ፣ አራት የክረምት ጃኬት፣ በጥሩ ሁኔታ ላይ ያሉ» ይበቃል። ዋጋውን የሚተምነው ሰጪው ነው። ያረጀ የተቀደደ ልብስ ተቀናሽ አያስገኝም፤ ለተረጂውም ክብር አይሆንምና አትቀበሉት። የዕቃ ስጦታው በዓመት ከ500 ዶላር ሲያልፍ ሰጪው ፎርም 8283 ይሞላል፤ አንድ ዓይነት ዕቃ ከ5,000 ዶላር ሲያልፍ በብቁ ገማች መገመት አለበት።

ከምግብ ቤቶቻችን ጋር ስትነጋገሩ ግን ብዙዎቹ ባለቤቶች የማያውቁት ጥቅም አለ። ከንግድ ክምችቱ ለተቸገሩ ሰዎች ምግብ የሚሰጥ ነጋዴ፣ ምግብ ቤትም ቢሆን እንጀራ ጋጋሪ፣ ካወጣበት ወጪ በላይ ሊቀንስ ይችላል። ለምሳሌ አንድ እሽግ እንጀራ ለጋጋሪዋ 4 ዶላር አውጥቶ 10 ዶላር ይሸጣል እንበል። ትርፉ 6 ዶላር ነው። በወጪው 4 ዶላር ላይ የትርፉ ግማሽ 3 ዶላር ተጨምሮ 7 ዶላር ይቀነስላታል። ጣሪያው የወጪው ሁለት እጥፍ፣ እዚህ 8 ዶላር ነው። በጠቅላላው ከንግዱ የተጣራ ገቢ ከ15 በመቶ አይበልጥም፤ የዱቄቱንና የጤፉን ወጪ በሌላ መስመር ከቀነሰችም ሁለቴ መቀነስ አይቻልም። የሒሳብ ባለሙያዋ ይህን አስተካክሎ ያስቀምጥላታል።

ከእናንተ የሚፈለገው አንድ ጽሑፍ ነው፦ ምግቡ ለተቸገሩ፣ ለታመሙ ወይም ለሕፃናት ብቻ እንደሚውል፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ፣ መዝገብም እንደሚያዝ የሚገልጽ። ስለዚህ ከዚያ እንጀራ ላይ አንዲቷም ለባዛር ሽያጭ አትውጣ። ባለቤቶቹ «ሰው ቢታመም እንከሰሳለን» ብለው ከፈሩ፣ በ1996 የወጣው የፌዴራል ሕግ በቅን ልቦና ጤናማ ምግብ የሰጠን ሰው ከባድ ቸልተኝነት እስካልፈጸመ ድረስ ከተጠያቂነት እንደሚጠብቀው ንገሯቸው። የከተማችሁ ጤና ቢሮ ስለ ምግብ አያያዝ የሚጠይቀው ፈቃድ ግን ለብቻው ነው።

እርምጃ 5፦ ባዛር፣ ጨረታና ሎተሪ

ለምገባው ገንዘብ የምናሰባስበው በነዚህ ስለሆነ አንድ በአንድ እንያቸው።

በበዓል ቀን ጃንጥላ ወይም ሥዕል ሲጫረት ያሸነፈው ምእመን ሙሉውን ገንዘብ እንደ ስጦታ መቁጠር አይችልም። ጃንጥላው በገበያ 80 ዶላር የሚያወጣ ከሆነና እሱ 1,000 ዶላር ከከፈለ ስጦታው 920 ዶላር ነው። በእንዲህ ያለ አጋጣሚ የተከፈለው ከ75 ዶላር ሲበልጥ ይህን ልዩነት በጽሑፍ የመንገር ግዴታ የቤተ ክርስቲያኗ ነው፤ ካልነገረች በአንድ ክፍያ 10 ዶላር፣ በአንድ ዝግጅት እስከ 5,000 ዶላር ትቀጣለች። ያሸነፈው ጃንጥላውን መልሶ ለቤተ ክርስቲያኗ ትቶ የሚሄድበት ልማድ ካለ፣ መተዉ በደረሰኙ ላይ ይጻፍ።

የሎተሪ ትኬት የገዛ ሰው ባይደርሰውም ስጦታ አልሰጠም፤ ከታክስ አይቀነስም። በየስቴቱ የሎተሪ ፈቃድ ሕግ ስላለ ትኬቱን ከማተማችሁ በፊት አጣሩ።

ባዛሩ ላይ ዶሮ ወጥና ቡና የሚሸጡት ሁሉ ያለ ክፍያ የሚሠሩ ከሆነ ትርፉ ላይ ታክስ የለም፤ በስጦታ የመጣ ልብስ መሸጥም እንዲሁ። አስጊው በቋሚነት የሚካሄድና ከዓላማው ጋር የማይገናኝ ንግድ ነው። የመኪና ማቆሚያውን በሥራ ቀን በሰዓት ለአላፊ አግዳሚ ማከራየት፣ አዳራሹን ከምግብና ከአስተናጋጅ ጋር ለሠርግ ማቅረብ የዚህ ዓይነት ነው። ባዶ አዳራሽ ማከራየት በአብዛኛው ነጻ ነው። ከማይገናኝ ንግድ የገባው ጠቅላላ ገቢ 1,000 ዶላር ከደረሰ ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን ፎርም 990-ቲ ታስገባለች። ትርፉ ሁሉ ለነዳያን መዋሉ ከዚህ ታክስ አያድንም፤ ሕጉ የሚያየው ገንዘቡ የመጣበትን እንጂ የሄደበትን አይደለም።

እርምጃ 6፦ ለተረጂው ስትሰጡ

ጎዳና ላይ ለሚኖረው ሰው የሚሰጠው ምግብ፣ ልብስ፣ የሆቴል አልጋ ለእሱ ታክስ የሚከፈልበት ገቢ አይደለም፤ ስጦታ ነው። ምንም ፎርም አታስሞሉት፤ መታወቂያም ስለሌለው አትመልሱት።

ለአንድ ሳህን ምግብ የተረጂ ስም መመዝገብ አያስፈልግም፤ ቀኑና የሰው ብዛት ይበቃል። የኪራይ፣ የሆቴል ወይም የካሽ ዕርዳታ ሲሆን ግን መዝገብ ያዙ፦ ለማን፣ ስንት፣ ለምን፣ በምን መስፈርት፣ ማን ወሰነ፣ ከሰበካ ጉባኤ አባል ጋር ዝምድና አለው ወይስ የለውም። ኪራዩን በቀጥታ ለአከራዩ፣ አልጋውን ለሆቴሉ ክፈሉ።

አንድ ምእመን «ይህን 500 ዶላር ለወንድም እገሌ ስጡልኝ» ካለ ያ ገንዘብ ለግለሰብ የተሰጠ ነው፤ በቤተ ክርስቲያኗ እጅ ማለፉ ተቀናሽ አያደርገውም። ደረሰኝ አትጻፉለት። «ለተቸገሩት አውሉት» ብሎ ቢሰጥና ኮሚቴው መርጦ ቢያደርስ ግን ይቀነሳል። የእድር መዋጮም ለአባላት መረዳጃ ስለሆነ ተቀናሽ አይደለም። ወደ አገር ቤት የሚላከውም ከዚህ አይለይም። አንድ ሰው በቀጥታ ኢትዮጵያ ወዳለ ተቋም፣ ለምሳሌ ወደ መቄዶንያ የአዲስ አበባ የባንክ ሒሳብ ቢልክ፣ ሥራው የከበረ ቢሆንም ከአሜሪካ ታክስ አይቀነስለትም። ቤተ ክርስቲያኗ በራሷ ቦርድ አጥንታ፣ ወስና፣ አጠቃቀሙን በሪፖርት ተከታትላ ብትልክ ግን የምእመኑ ስጦታ ለቤተ ክርስቲያኗ የተሰጠ ነው። ቦርዱ እምቢ የማለት ሥልጣን ከሌለው ማስተላለፊያ ቧንቧ ብቻ ሆነ ማለት ነውና አይሠራም።

እርምጃ 7፦ ሰው ከቀጠራችሁ

አብሳይዋ ወይም ጥበቃው በየሳምንቱ «የታክሲ» እየተባለ በካሽ የሚከፈላቸው ከሆነ ሠራተኞች ናቸው። ደብልዩ-2 (የዓመቱን ደመወዝና የተቆረጠውን ታክስ የሚያሳይ ፎርም) ይሰጣቸዋል፤ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ከእነሱ 7.65 በመቶ ይቆረጣል፤ ቤተ ክርስቲያኗም ያንኑ ያህል ትጨምራለች። የፌዴራል የሥራ አጥነት ታክስ ግን 501(ሲ)(3) ድርጅቶችን አይመለከትም። ከሠራተኛ ተቆርጦ ለመንግሥት ሳይገባ የቀረ ታክስ ካለ፣ መክፈል እንዳለበት እያወቀ ሌላ ዕዳ የከፈለው ኃላፊ ከግል ሀብቱ ሊጠየቅ ይችላል። ገንዘብ ያዥ ሁናችሁ ለማገልገል የተመረጣችሁ ይህን ሳትሰሙ አትፈርሙ።

እርምጃ 8፦ የስቴቱን ሕግና ቀነ ገደቦቹን ያዙ

የፌዴራሉ ነጻነት ከሽያጭ ታክስ ነጻ አያወጣም። ሜሪላንድና ዲሲ ሲመለከትላቸው የሚሰጡት የነጻነት ምስክር ወረቀት አላቸው፤ ቨርጂኒያ ለአብያተ ክርስቲያናት ኤስቲ-13ኤ የሚባል ፎርም አለው፤ ካሊፎርኒያ ግን ለበጎ አድራጎት ተቋማትም ቢሆን ጠቅላላ የሽያጭ ታክስ ነጻነት አይሰጥም። ወረቀቱ ካላችሁ ከጅምላ መደብር ስትገዙ በቤተ ክርስቲያኗ ካርድ ክፈሉ፤ በግል ካርድ ከፍሎ ነጻነቱን መጠየቅ ብዙ ጊዜ አይቻልም። የሕንፃው የንብረት ታክስ ነጻነትም በአጠቃቀሙ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ከፊሉን ለንግድ ካከራያችሁ ያ ክፍል ታክስ ሊጣልበት ይችላል።

የደብልዩ-2 ቀን ጃንዩዋሪ 31 ነው። የተለየ ድርጅት ካቋቋማችሁ የ990ው ቀን የበጀት ዓመቱ ከተዘጋ በኋላ በአምስተኛው ወር 15ኛው ቀን ነው፦ ዲሴምበር ለሚዘጋ ሜይ 15፣ ጁን 30 ለሚዘጋ ኖቬምበር 15።

ምእመናኑን በዲሴምበር መጀመሪያ አስታውሱ። የገናችን ቀን ጃንዩዋሪ 7 ስለሚውል በበዓሉ የሚሰጥ ስጦታ የሚቆጠረው በአዲሱ የታክስ ዓመት ነው። በሚያልቀው ዓመት እንዲቆጠርለት የሚፈልግ ቼኩን እስከ ዲሴምበር 31 በፖስታ ይላክ ወይም በእጅ ያስረክብ። የዓመቱን ደብዳቤ ሁሉ በጃንዩዋሪ ውስጥ ጨርሳችሁ፣ ቅጂውን ለሚቀጥለው ገንዘብ ያዥ በሚተላለፈው ፋይል ውስጥ አኑሩ።